በመርፌ የሚፈተን ፋኖስ

ልብስ ሰፊው ፋኖስ የሚገዛው እንደ ሰው አይደለም። ሰው ያገላብጣል፣ ይከራከራል፣ ያስጠቀልላል፤ እሱ ግን ኪሱ ውስጥ መርፌና ጥቁር ክር ይዞ ይሄዳል። "በሩን ዝጋና አብራልኝ" ይላል ሻጩን። ፋኖሱ ሲለኮስ ብርሃኑ ሥር ቁጭ ብሎ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ያሾልካል። በአንድ ሙከራ ከገባለት ፋኖሱ ተገዛ ማለት ነው። ካልገባለት ግን የንጉሥ ዕቃ ቢሆን ዞሮ አያየውም። ሕጉን ያወጣው ራሱ፣ የሚያስከብረውም ራሱ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

እንዲህ እየተፈተኑ የገቡት መደርደሪያውን ሞልተውታል። ከዘይት ጣሳ የተሠራች ኩራዝ አለች፤ ከጎኗ ቀይ ቀለሙ ገና ያልተጫረ የፋብሪካ ፋኖስ ተቀምጧል። "አሮጌ ሆነ አዲስ ለእኔ አንድ ነው፣ ብርሃን እንደሆን አያረጅም" ይላል። ሚስቱ አቧራቸውን እየጠረገች "ልጆቹን ድረን ቤቱ ሰፋ ስንል ፋኖስ ወረሰው!" ትላለች። ትበል እንጂ፣ አንድ ቀን ኩራዟን ከቦታዋ ቢያነሳት ቀድማ የጮኸችው እሷው ናት።

ታዲያ ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድም ፋኖስ ፈተናውን አላለፈም። አንዱን "ላምባው ውሃ ነው" ብሎ መለሰው፤ ሌላውን "ፈትሉ የማይረባ ነው"፤ ሦስተኛውን "ጠርሙሱ ጭጋግ ለብሷል።" ከዓይኑ በቀር ያልወቀሰው ነገር የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፋኖስ ነጋዴው እያለከለከ ቤቱ ውስጥ ካለችው የልብስ መስፊያ ክፍል ድረስ መጣ። ጣቱ ከጥላሸት ጠርቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ጥቀርሻ ነው የሚለው፤ እሱም ለምዶት አቤት ይላል።

"ጋሼ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ሲጠይቁኝ የኖሩት መጣልዎ! ባለ ሁለት ፈትሉ!"

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ። ፋኖሱ ገና ሳያየው ዓይኑ ላይ መጣበት፦ ሆዱ ሰማያዊ ብርጭቆ፣ እግሩ ነሐስ፣ ጎን ለጎን ሁለት ፈትል። ልጅ ሆኖ ሙያውን የተማረው እንዲህ ባለ ፋኖስ ሥር ነበር። መምህሩ በአንዱ ወገን፣ እሱ በሌላው ወገን ተቀምጠው ይሰፉ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ብርሃን አላየም።

"ግን ዛሬውኑ ይወስኑ" አለ ጥቀርሻ። "ባለ ሆቴሉ ለእንግዳ መቀበያው ፈልጎት፣ ሥራ ሲዘጋ መጥቶ ሊወስደው ነው።"

ሚስቱ ሻሿን አስተካክላ "እኔም እመጣለሁ" አለች። ፋኖስ ሊገዛ ሲሄድ ተከትላው አታውቅም፤ ገረመው፣ ግን ችኩል ስለነበር አልጠየቃትም።

ነጋዴው ሱቅ ሲደርሱ በሩ ተዘጋ። ጥቀርሻ ሁለቱንም ፈትሎች ለኮሰና ጠርሙሱን ጫነ፤ ግድግዳው ቅቤ የተቀባ መሰለ። ልብስ ሰፊው ብርሃኑ ሥር ቁጭ አለ። ክሩን በምላሱ አርጥቦ፣ ጫፉን በጣቱ አሹሎ ሰደደው። ክሩ በመርፌው ጎን አለፈ። ደገመ። ክሩ ታጠፈ። ሦስተኛ ሲሞክር ግንባሩን አልቦት ነበር፤ ጥቀርሻም ያላየ ለመምሰል ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

"ያጨሳል" አለ ልብስ ሰፊው።

"ኧረ በፈጠረዎት! ጠርሙሱን ይዩት እስቲ፣ ቅንጣት ጥላሸት አለበት?"

"ያጨሳል አልኩህ! ለባለ ሆቴሉ ስጠው።" ዕድሜ ልኩን የተመኘውን ዕቃ በገዛ አፉ ለሰው መስጠቱ ነበር።

"እስቲ ወዲህ በለው" አለች ሚስቱ። መርፌውን ከእጁ ወስዳ ወደ ፋኖሱ ጠጋ አለችና ክሩን በአንዴ አስገባችው። ከዚያም ሳታስበው፣ እንደ ለመደችው፣ የክሩን ጫፍ በጣቷ ጠምጥማ ቋጠረች፤ በላዩ ላይ ሌላ ቋጠሮ ደገመችና መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካችለት።

ልብስ ሰፊው ቋጠሮውን አየና ደርቆ ቀረ። እሱ ነጠላ ነው የሚቋጥረው፤ ድርብ ቋጠሮ ጨርቅ ሥር ያብጣል ብሎ መምህሩ ቀጥቶ ነው ያስተወው። ይሁንና ካለፈው ዓመት ወዲህ ከመርፌ ትራሱ ላይ የሚነቅለው መርፌ ሁሉ ክር የገባበት፣ ክሩም ድርብ የተቋጠረ ነበር። ትናንት አዘጋጅቼ የተውኩት ነው እያለ፣ "ኤዲያ! እጄን ምን ነካው?" እያጉረመረመ ጠዋት ጠዋት አንዱን ቋጠሮ ሲፈታ ከርሟል።

"አንቺ ነሽ?" አለ።

"ምኑ?"

"መርፌዎቹ።"

"ፊትህን ታጥበህ እስክትወጣ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?"

"ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?"

"ብነግርህ መነጽር ልትገዛ? አላውቅህምና! ለደከመ ዓይን ፋኖስ ምን ያደርጋል ብለህ ፋኖሶቹን ነበር የምትሸጣቸው።"

አፈረ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ግን እፍረቱ ሳይበርድ፣ ያን ሁሉ ጠዋት ጎንበስ ብላ መርፌ ስታዘጋጅለት ታየችው። የፋኖሱን ሰማያዊ ሆድ በመዳፉ ዳበሰው።

"ጠቅልለው" አለ ጥቀርሻን።

"ፈተናውስ ጋሼ?"

"እሱ አልፏል። የወደቅሁት እኔ ነኝ።"

ጥቀርሻ ሳቁን መያዝ አቅቶት በጥላሸት ጣቱ አፉን ሲይዝ ፂም አወጣ። ሚስትየዋም ቤት እስኪደርሱ ስትስቅበት ሄደች።

አመሻሽ ላይ ልብስ ሰፊው ፋኖሱን ሥራ ጠረጴዛው መሃል አቁሞ ሁለቱንም ፈትሎች ለኮሰ። በአንዱ ወገን የጀመረውን ኮት ዘረጋ፤ በሌላው ወገን ወንበር አምጥቶ አስቀመጠ። ከመርፌ ትራሱ ላይ መርፌዎቹን ነቅሎ፣ ክራቸውን ሁሉ መዞ አወጣና ባዷቸውን ከወንበሩ ፊት ደረደራቸው።

"ከእንግዲህ ተደብቆ ማስገባት የለም" አለ። "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። የመጀመሪያውን መርፌ አንስታ ክሩን አስገባችና ጫፉን በጣቷ እንደጠመጠመች ቆም አለች።

"ነጠላ ነው አይደል የምትፈልገው?"

ልብስ ሰፊው ከኮቱ ላይ ቀና አላለም።

"ድርብ አድርጊው" አለ።