ለሁለት ሰው የታሰበች መርከብ

ጎሚስታው መርከቧን መጀመሪያ ያሰባት ለሁለት ሰው ነበር። ሁለት የጭነት መኪና ካላማዳሪ፣ ጎማ ውስጥ የሚገባው ባለአየር ላስቲክ፣ ይነፋል፣ ጣውላ ይታሰርበታል፣ መቅዘፊያና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይያዛል፤ አለቀ። አንደኛው ሰው እሱ ራሱ፣ ሁለተኛዋ ሴት ልጁ።

ልጁ ትንሽ ሳለች ወንዙ ዳር አጠገቡ ቁጭ ብላ መንጠቆ ትጥል ነበር። አንድ ቀን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው። መልሱን ስለማያውቀው ቃል ገባላት፤ አንድ ቀን ተንሳፍፈን ሄደን እናየዋለን፣ መንገድ ላይ አሸዋው ላይ ድንኳን ተክለን እናድራለን አላት። ያንን አንድ ቀን ግን ውሃ በላው። አንዴ ሥራ ሲበዛ፣ አንዴ እሷ ፈተና ሲደርስባት፣ አንዴ ወንዙ ሲሞላ፣ ልጅቷ አድጋ አስተማሪ ሆነች፤ ይባስ ብላም ልታገባ ነው። ከሰርጉ በኋላ ባሏን ተከትላ ሩቅ ከተማ ትሄዳለች። ጎሚስታው ይሄ ነገር በቅጡ የገባው አንድ የጭነት መኪና ሥር ተንጋሎ ሳለ ነበር። ብሎን መፍታቱን ትቶ ዝም ብሎ ተኛ። ሾፌሩ ሰውየው ያለቀለት መስሎት እግሩን ነካ ነካ አደረገው።

ቃሉን ከሰርጉ በፊት ሊፈጽም ቆረጠ። አሳቡ ደህና ነበር፤ ስህተቱ ልጁን ምሳ ላይ፣ ሰው ፊት መጠየቁ ነው። እጮኛዋ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ቤት ደንብ ደግሞ ሁለት ሰው ተቀምጦ አንዱን ብቻ መጋበዝ ከስድብ አይተናነስም።

"አንተም ብትመጣ ደስ ይለናል" አለው ጎሚስታው። ይሄን ያለው አፉ ነው፤ ሆዱ አልተጠየቀም።

እጮኛው መሬት ቀያሽ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የአማቱን ቃል መሬት ማስነካት የሚፈራ ልጅ። እንዴታ፣ እንዲያውም ሲመኘው የኖረ ነገር እንደሆነ ተናገረ። ፊቱ ግን ውሃ የፈሰሰበት ድመት ፊት ነበር። ማታ ለእናቱ ነገራት። እናቱ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ተማሪዎቿ ያወጡላት እትዬ ደወል የሚል ስም እስከ ዛሬ አብሯት አለ። በማግስቱ ምራቷን ለማየት ብቅ ስትል ጎሚስታው በር ላይ አገኛትና ወሬ ሲያጥረው ስለ ጉዞው አነሳባት። አንስቶ ደግሞ ሳይጋብዝ መተው አይሆንም። እሷም እምቢ ማለት ዝምድናውን መናቅ መስሎ ታያት። የጎሚስታው ሚስት ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ወሬውን የሰማው የቀያሹን ፀጉር ሲቆርጥ ነው። እሱን መጋበዝ እንኳ አላስፈለገም፤ መቀሱን እንደያዘ ራሱን ጋበዘ።

እንዲህ እንዲህ እያለች መርከቧ አበጠች። ሁለቱ ካላማዳሪ አራት ሆነ፤ ከአራት አልፎ የጎሚስታውን ግቢ ሞላ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ሲዘጋ ሁሉም መጥተው አሮጌ ጎማ ላይ እየተቀመጡ መምከር ጀመሩ። ቀያሹ የወንዙን ካርታ ሠርቶ፣ የት ጠበብ የት ሰፋ እንደሚል በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ካርታውን ገልብጦ አየና ይሄማ የደንበኞቹን የአንዱን ማጅራት ይመስላል አለ። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ማን ያንኮራፋል ወደሚለው ተገባና ምሽቱ በዚያው አለቀ። እትዬ ደወል በበኩሏ ጣውላ ላይ እግር አጥፎ መቀመጥ ለልጅ ነው ብላ ባለመደገፊያ ወንበሯን ከቤቷ አስመጣች። ጎሚስታውም መርከቧ መሀል አድርጎ በምስማር ቸነከረላት። ሚስቱ፣ ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ቀድማ የምታይ ሴት፣ ሰርዲን ገዝታ በሳጥን አስቀመጠች። ወንድሟ፣ ዓሣ ሊያጠምዱ እየሄዱ ሰርዲን መያዝ ዓሣዎቹን መስደብ ነው ሲላት፣ እናንተን ስላየሁ ነው አለችው።

ጎሚስታው በዚህ ሁሉ መሀል እየሳቀ ይጠጋግናል፣ ይነፋል። ልጁ ደግሞ ጎማ ላይ ተቀምጣ መፍቻውን ታገላብጣለች። ከእሷ ጋር የሚያድርባት ሌሊት ስትሸራረፍ ይታየዋል፤ ሩቡ ለካርታ፣ ሩቡ ለማንኮራፋት፣ የቀረው ለእትዬ ደወል ወንበር።

አንድ ቀን ጠዋት ወስፌ አነሳ። ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው ግራ ቀኝ አይቶ አንዱን ካላማዳሪ ጠቅ አደረገው። አየሩ ሲወጣ የሱም ደረት ቀለል አለው። አንድ ካላማዳሪ ከተነሳ አንድ ሰው ይቀራል፤ ማን እንደሚቀር የወንዙ ጉዳይ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

በማግስቱ ሲመጣ ግን አየሩ ወጥቶ የተኛው ካላማዳሪ ሁለት ነው። አንደኛው የራሱ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ከየት መጣ? ልጥፉ ለቆ ይሆናል ብሎ ደነገጠ። እሱ የለጠፈው ይለቃል ማለት ፀሐይ በምዕራብ ወጣች ማለት ነው። የአየር መዝጊያው ቫልቭ ወልቆ ጠፍቷል፤ ሌላ አስገብቶ ነፋውና በርሜል ውሃ ውስጥ ነከረው፤ አንዲት አረፋ አልወጣም። በሳምንቱ እሱ አንዱን ሲወጋ፣ ሌላ አንድ ደግሞ ሳይወጋ ተኝቶ ተገኘ። ፀጉር አስተካካዩን ጠረጠረ፤ መቀስ የለመደ እጅ አይታመንም ብሎ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ወስፌውን እንደያዘ ካላማዳሪ ላይ አጎንብሶ ሳለ፣ ከኋላው ልጁ መጣች። ጎማ መሀል ያደገች ልጅ ናት፤ ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን በጣቷ ዳበሰችው።

"አባዬ፣ ይሄ የመንገድ ቀዳዳ አይደለም።"

ጎሚስታው ወስፌውን ኪሱ ሊከት ሞክሮ ጭኑን ወጋ።

"ምስማር... ምስማር ይሆናል" አለ እየተኮማተረ።

ልጁ የተጨበጠ እጇን አምጥታ ፊቱ ላይ ዘረጋችው። መዳፏ ላይ ከካላማዳሪ አፍ የሚፈቱ ትንንሽ ቫልቮች ነበሩ፤ ዘይት የነካቸው፣ የራሱ የጎሚስታው መፍቻ ጭረት ያለባቸው።

አባትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ ጎሚስታው ጎማ ላይ ዘጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እሷም ሳቀች። በተራ ነበር የሚያጠፉት፤ እሱ ጠዋት፣ እሷ ከሥራ ስትመለስ።

"እኔ እኮ እነሱን የፈለግካቸው መስሎኝ ነበር" አለችው ሳቋ ሲበርድ። "እኔማ የሁለታችንን ነው ስጠብቅ የኖርኩት።"

እንግዲያው ንገራቸው አለችው። እንዴት ብሎ? አፍ አውጥቶ ነዋ። አፉ ደግሞ ሰው ሲያይ ከመጋበዝ በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም።

ቅዳሜ ሁሉም ተሰበሰቡ። ጎሚስታው ጎማ ጎማውን እያየ፣ ካላማዳሪዎቹ እንዳረጁና ሁለት ሰው የሚችል ብቻ እንደቀረ ተናገረ። ከዚያ ያ መርከቧን የሞላት ጨዋነት ዞሮ ያራግፋት ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ እኔ ልቅር፣ እትዬ ትሂድ አለ። እትዬ ደወል በሞትኩት፣ ልጄ እያለ እኔ? አለች። ቀያሹ ካርታውን አጥፎ፣ ለትልቅ ሰው ሳልለቅ እንዴት አድርጌ ብሎ ወደ አማቱ ዞረ።

አሁን ተራው የጎሚስታው ነው። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ኧረ እኔ ልቅር ይላል፣ ከዚያ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራሉ፣ መጨረሻ ላይ ማንም አይሄድም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልጁ አንዲት ቫልቭ በጣቶቿ መሀል እያሽከረከረች ታየዋለች።

"እኔ እሄዳለሁ" አለ። "ከልጄ ጋር። መጀመሪያም ያሰብኩት ለሁለታችን ነበር።"

በዕድሜው እንዲህ ያለ ባለጌ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ጆሮው ጋለ። ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ትስቅ ይሁን ታፍር አልታየም።

እትዬ ደወል ተማሪ እንደምትመረምር አየችው።

"ታዲያ ይሄን ለመናገር ይሄ ሁሉ ቅዳሜ? እኔ እኮ ውሃ ስፈራ ለጉድ ነው። ልጄማ ታንኳ በሥዕል ሲያይ ያስመልሰዋል።"

ቀያሹ ቀላ፤ ግን ትከሻው ወረደ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ከልቡ አዘነ፤ እሱንም ከታች የወንዙ ድልድይ ጋ ጠብቆ የሚቀበላቸው አለቃ አድርገው ሾሙት። ሚስቱ ሰርዲኑን አምጥታ ባሏ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠች፤ ሁለት ሰውም ይርበዋል ብላ።

የቀረው ወንበሩን መንቀል ነበር። ጎሚስታው ጉጠት ይዞ ታገለ፤ ለክብሯ ብሎ ምስማሩን አብዝቶት ኖሮ ንቅንቅ አልል አለ።

"ተወው" አለች እትዬ ደወል። "እኔ ባልሄድ ወንበሬ ይሂድ።"

"ደስ ይለናል" አለ ጎሚስታው በልማዱ። ከዚያ ቆም ብሎ ሆዱን ጠየቀው። ሆዱም ተስማማ።