ሁለቱ ፕሮሰሰሮች የሣሉት ክፍል

ባለቤቴ ኮምፒውተር ሲጠግን ኖሮ ኮምፒውተር ሲጠግን ሞተ። ስናገኘው ካቻቢቴው ከእጁ አልወደቀም ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ ኮምፒውተር አንጎል፣ ሲወራ የሰማ ጆሮ፣ ድንጋይ ካልሆነ በቀር፣ የሚይዘው አያጣም።

ሙያውን የወረሰችው ልጃችን ናት። አባቷ «ጥድፊያ» ይላት ነበር፤ ከሆዴም የወጣችው ቀኗ ሳይደርስ ነው። ሐዘኑ እንዳለፈ የአባቷን የሥራ ክፍል ለራሷ ሥራ ልታመቻች መጣች። መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ጠረጴዛው ላይ ባለው የአባቷ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። በትና ለመለዋወጫ ልታደርገው ፈለገች።

«እሱ አይነካም» አልኳት።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሣጥን ነው። የኔም ላፕቶፕ አርጅቷል፣ ግን ይሄንን እጥፍ ድርብ ይቀድመዋል።»

«አባትሽ ላፕቶፕ አጥቶ መሰለሽ እሱን የያዘው?»

«ግትር ስለነበረ ነው። ከማን ጋር እንደኖረ ረሳሽው እንዴ?»

ይሄንን ምላስ ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ።

«እንግዲያው ፈትኛቸው» አልኩ። «ያንቺ ከቀደመ የሱን በትኚው፤ ትንፍሽ አልልም።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያንን ዕቃ ማጣት ለኔ ሰውየውን እንደገና መቅበር መሆኑን ግን አልነገርኳትም።

ባለቤቴ ፕሮሰሰሮችን የሚያወዳድርበት የራሱ መንገድ ነበረው። ያንኑ የሥራ ክፍሉን በቁጥር ቀምሮ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶታል፤ ጠረጴዛው፣ መስኮቱ፣ ሁለቱ ወንበሮች፣ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሳይቀር። የመጣውን ማሽን ሁሉ ያንን ክፍል ከባዶ እንዲሥል ያዘዋል። ሥዕሉ ከታች ወደ ላይ፣ በትንንሽ አራት ማዕዘን፣ ወለል እንደሚነጠፍ አንድ በአንድ ይሞላል። ቶሎ የጨረሰ ፈጣን ነው፤ ሥዕሉን ያዛባ በሽተኛ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው አላስገባም። «ሰው ካለበት ሒሳቡ ይከብዳል» ይል ነበር።

ከምሳ በኋላ ጥድፊያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ እኩል አስነሳቻቸው። ላፕቶፑ በረረ። የሱ ዴስክቶፕ አንዷን ንጣፍ ጣል ያደርግና እንደ ደከመው ግንበኛ አረፍ ይላል።

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እንጠብቃ» አለች።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ላፕቶፑ ጋለ። ማራገቢያው ጮኸ፣ ሩጫውም ረገበ።

«ሲሮጡ የታጠቁት» አልኳት።

«አልታመመም። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በባትሪ እንዲኖር፣ በጠባብ ቤት እንዲያድር ነው የተሠራው። ሲሞቀው ራሱን ቀዝቀዝ ያደርጋል። የአባባ ሰፊ ቤትና ትልቅ ማራገቢያ ስላለው ፍጥነቱ አይወርድበትም። መጀመሪያውኑ ምን ፍጥነት አለውና ይወርዳል?»

እንዲያም ሆኖ ላፕቶፑ ቀደመ። ባዶው ክፍል ከነወንበሮቹ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ አለ። ተሸነፍኩ። ጥድፊያ ካቻቢቴ ስታነሳ ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ወዲያው ካቻቢቴው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

በዴስክቶፑ ስክሪን ላይ፣ ከግራው ወንበር ሥር፣ ጫማ ነበር።

«ስህተት ነው» አለች። «ፕሮሰሰር ሲያረጅ ሒሳብ ይስታል።»

«ሲስት ጫማ ይሰፋል?»

ንጣፉ ወደ ላይ ሲሞላ የወንበሩ ጀርባ መጣ፣ ከወንበሩ በላይ ትከሻ መጣ፣ ከትከሻው በላይ ሽበታም ጭንቅላት መጣ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ የተቀመጠ ሰው። በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ያለነው እኛ ብቻ ነን፤ በግራው ወንበር ላይ ግን ማንም የለም።

በሙያቸው አንድ ሕግ አለ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካልታወቀ ዕቃ ይለዋወጣል። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ከሰሌዳው ጋር ስለተበየደ አይነቀልም። የዴስክቶፑ ግን መቆለፊያው ሲነሳ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ ብስኩት የምታህል ነገር፣ ሆዷ ሙሉ ቀጫጭን እግር። ከመደርደሪያው እኩያዋን አወረደች፣ ሙቀት የሚያሳልፈውን ነጭ ቅባት ጠርጋ ተካቻት። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ተሣለ። የሱን መለሰች፤ ጫማዎቹም አብረው ተመለሱ።

«የአባባ ጫማ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «የቀበርነው በዚህ ጫማ ነው። እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

የኔም ልብ ወደዚያው አዘነበለ፤ አልዋሽም። ለዚያ ዕቃ የተሟገትኩት ለምን ሆነና።

አሁን ግን ሰውየው ዞሯል። በጎን በኩል ነው የሚታየው። ንጣፉ ከጫማው አለፈ፣ ሱሪው መጣ፣ ቀኝ እግሩ ግራውን ተሻግሮ፣ ጉልበቱ እጥፍ ብሎ፣ ዘና ብሎ። ከዚያ እጆቹ፣ ከዚያ ደረቱ፣ ከዚያ አንገቱ። የሚቀጥለው መስመር አገጭ ነው።

ገመዱን ከግድግዳው መንጭቄ ነቀልኩት።

«ምን አደረግሽ?»

«የአባትሽ ቀኝ ጉልበት ከመሰላል ከወደቀ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም። ያንን እግር ስንት ዘመን ያሸሁት እኔ ነኝ።»

ቀስ ብላ፣ «እዚያ ድኖ ይሆናላ» አለች።

«ከዳነ በእግሩ ወደ ሚስቱ ይመጣ ነበር፤ እግር አነባብሮ ቤት አይታዘብም።»

ጥድፊያ ሣጥኑን አቀፈች። ቅድም ልትበትነው የነበረችው ልጅ አሁን እንደ ጨቅላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ፊቱን ሳላይ አልተወውም አለች። ለመንኩ፤ እኔ ለምኜ አላውቅም። በመጨረሻ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንባዋን ልትታጠብ ወጣች።

መቆለፊያውን አነሳሁና ፕሮሰሰሯን አወጣኋት። ሞቃት ነበረች። መሞቋ አይደለም የከበደኝ፤ ሙቀቱ መዳፌ ላይ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው፣ እንደ ጫጩት ደረት። ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ ቀጫጭን እግሮቿን በማንኪያ ጀርባ አስተኛኋቸው። እግሯ የተጣመመ ፕሮሰሰር የትም መቀመጫ አትገባም።

ልጄ ከበሩ ላይ አየችኝ።

«አባባን ገደልሽው።»

«አባትሽን በወጉ ቀብሬዋለሁ። ይሄኛው የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም።»

ከእጄ ቀማችኝ፤ በጉልበት አልቻልኳትም።

ከዚያ ወዲህ ከዚያ ክፍል አልወጣችም ማለት ይቻላል። በሩን ከውስጥ ቆልፋ፣ በመርፌ ጫፍ፣ አንዷን እግር አቃንታ ወደሌላዋ ትሻገራለች። ትዕግሥት የሚባል በደጇ አልፎ የማያውቅ ልጅ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ። በቁልፉ ቀዳዳ አያታለሁ። በቀኙ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ግራውን ማንም ሳይጠይቃት አጽድታ ወደ መስኮቱ አዙራዋለች።

«ምሳ ብዪ» ስላት፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ እማዬ» ትለኛለች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል።

የኔን ወንበር ከበሩ ውጭ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ስትጨርስ እኔን ልትጠራ መክፈቷ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ሳይሞላ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ።