ሰንበትና ሊሾ

ኣያ ሓየሎም ቅዳሜን የመረጠው ሆን ብሎ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ለዚህ ወሬ ግን አንቱታ አይገባውም።

ቤቱን ያከራየን እሱ ነው፤ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ግቢ። አንዱ ክፍል የቤተ እስራኤል ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ መምህሯ እኔ ዓለምእሸት ነኝ። ሌላው የጸሎት ቤታችን ነው። ጥቂት ቤተሰብ ነን፤ አብዛኞቻችን ከሽሬ በኩል ተፈናቅለን የመጣን። ቅዳሜ ክብሪት እንደማንጭር፣ ሸክም እንደማናነሳ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ጠባችን ግቢው ነው። ሰኔ ላይ ልጆቹን "ባቄላ ከየት ይመጣል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ዮሃና እጇን አውጥታ "ከመኪና" አለች። ሌሎቹም "አዎ፣ ከትልቁ መኪና" አሉ። ምን ያድርጉ? በጦርነቱ የተወለዱ ልጆች ናቸው፤ እህል ሲመጣ ያዩት ከእርዳታ መኪና ላይ ሲወርድ ነው። መሳቅ አቃተኝ። እንደውም ደሜ ፈላ፤ በማን እንደተናደድኩ እንኳን አላውቅም። በማግስቱ ዶማ ተውሼ ግቢውን ቆፈርኩት፤ ባቄላውን የዘሩት እነሱ ናቸው።

ክረምቱ አልፎ ጸደይ ሲገባ ባቄላው አበበ። ልጆቹ ትል ቆፍረው ስም ያወጡለታል፤ ንብ ስትመጣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይቆማሉ። በተበሳ ሃይላንድ ውሃ ያጠጣሉ። አርብ ከሰዓት ደግሞ ለቅዳሜ የሚበቃውን ጨምረው ያጠጣሉ፤ በሰንበት ውሃ ማጠጣት ሥራ ነውና።

ኣያ ሓየሎም ግን የታየው ጭቃው ብቻ ነው። "መምህር፣ ይህን ግቢ ሊሾ አደርገዋለሁ። መኪናዬ ውጭ እያደረች ነው" አለኝ።

"እባክዎ፣ ፍሬ እስኪይዝ ይታገሡ። ልጆቹ በገዛ እጃቸው ይልቀሙት" ብዬ ለመንኩት።

"ባቄላ ገበያ ሞልቶ!" ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ጸሎት ላይ ሳለን የአካፋ ድምፅ ሰማን። ስወጣ በሩ ላይ የቀን ሠራተኞች አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ በውሃ እያቦኩ ነው። ኣያ ሓየሎም ጋቢውን ደርቦ መሃላቸው ቆሟል።

"ሰንበታችሁን አልነካም። እናንተ ጸልዩ፣ እኛ እንሠራለን" አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ተመልሼ ቄሳችንን ሔሩይን "አባ፣ መቀመጥ ሥራ ነው?" አልኳቸው።

"መቀመጥማ ዕረፍት ነው" አሉኝ።

ይቺን ነበር የፈለግኩት። ነጭ ነጠላዬን እንደለበስኩ ሄጄ በባቄላው መደቦች መሃል፣ ጭቃው ላይ ዘፍ አልኩ። ዮሃና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ሌሎቹ ልጆች፣ እናቶቻቸው፣ በመጨረሻም ቄስ ሔሩይ ራሳቸው። የሰንበት ልብሳችን ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ጸሎቱን ካቆምንበት ቀጠልን።

"ተነሱ እንጂ" አለ ኣያ ሓየሎም።

"እያረፍን ነው" አልኩት።

"ሲሚንቶው ሊደርቅብኝ ነው እኮ! መምህር፣ ምን ነካሽ?"

"የቸኮሉት እርስዎ ነዎት። እኛ እስከ ማታ ሌላ ጉዳይ የለንም።"

ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ "አንሷቸው!" አላቸው። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። ልጅ ምን ይከብዳል? ብድግ አድርጎ ማውጣት ነው። አንደኛው ሠራተኛ ወደ ዮሃና ሁለት እርምጃ መጣና ቆመ። "ሕፃን ከጸሎት ላይ አላነሳም" ብሎ ተመለሰ። ጓደኞቹም አካፋቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ።

ፀሐዩ ጠነከረ። አርብ የተጋገረውን ዳቦ እዚያው ቆርሰን በላን። "ኣያ፣ ይቅመሱ" አልኩት፤ ፊቱን አዞረብኝ። ደግሞ ከልቤ ነበር የጋበዝኩት።

ጀምበር ስትጠልቅ ተነሳን። ድብልቁ በሩ ላይ እንደተቆለለ ድንጋይ ሆኗል። ኣያ ሓየሎም በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው።

"አሁን ይህን ማን ሊያነሳው ነው?" አለኝ።

"ነገ እሑድ ነው፤ ተራው የእርስዎ ነው። ይረፉበት።"

"ሰኞ እመጣለሁ" አለ ጣቱን ቀስሮ።

"ይምጡ" አልኩት። "ሰኞ ግን እጃችንም ነጻ ነው።"