ውሸታሙ ቀለበት

የመጽሔቱ መልስ የመጣው ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ መያዝ በጀመረበት ሰሞን ነው። ጽሑፌን አልጣሉትም፤ አልተቀበሉትምም። «በብዙ ተሻሽሎ ይቅረብ» ይላል። የዩኒቨርሲቲያችን ኮሚቴ በጸደይ ተሰብስቦ ቋሚ መምህር ልሁን ወይስ ዕቃዬን ልሸክፍ ይወስናል። ጽሑፉ እስከዚያ ተቀባይነት ካላገኘ ውሳኔው ምን እንደሚሆን ማንም አልደበቀኝም።

ሥራዬ የዓሣን ዕድሜ ከጆሮው ጠጠር ማንበብ ነው። ጠጠሩ ሲሰነጠቅ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አለው፤ ዓመት በቀለበት ይቆጠራል። የሐይቃችን ሲስኮ ከሚታሰበው በላይ ዕድሜ ጠገብ ዓሣ ነው ብዬ ጽፌአለሁ። የመጀመሪያው ገምጋሚ በጥቂት መስመር አመስግኖኝ አለፈ። ሁለተኛው ግን «ጸሐፊዋ ውሸታሙን ቀለበት ከእውነተኛው አልለየችም፤ ውጤቱን የማያውቅ ሌላ ሰው ጠጠሮቹን እንደገና ያንብብ» ይላል።

ውሸታም ቀለበት። ይህን ቃል የሰማሁት ከቨርን ኦክሳነን አፍ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት ዊኒፔግ ከተማ ጉባኤ ላይ ጥናቴን ሳቀርብ ከኋላ ተነስቶ፣ «ይሄ እኮ ዓመት አይደለም የኔ እመቤት፤ ዓሣው ሲርበው የሚያወጣው ውሸታም ቀለበት ነው» ብሎ አዳራሹን አሳቀብኝ። ለዚህ ነው ጽሑፉን ለመጽሔቱ በላክሁ ጊዜ ቅጹ ላይ «እንዳይገመግሙ የሚፈልጓቸው» የሚለው ሳጥን ውስጥ የእሱን ስም ያስገባሁት። «የሚጠቁሟቸው» በሚለው ውስጥ ደግሞ ሦስት ወዳጆቼን ጻፍኩ፤ አንዷ ቲያ ናት፣ ከሐይቁ ማዶ ዓሣ ጥበቃ የምትሠራው።

«ኦክሳነን ነው» አልኳት በስልክ። «እንዴት እንደሆነ አላውቅም እንጂ ሾልኮ ገብቷል።»

«በምን አወቅሽ?»

«አውቃለሁ።» ቃሉን ዋጥኩት፤ የዚያን ቀን ሳቅ ደግሜ ማንሳት አልፈለግኩም።

«ግሬታ፣ አንቺ እኮ ፖስተኛው ሲዘገይም ኦክሳነን ነው ትያለሽ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«የጠረጠረስ መቼ እንቅልፍ ተኛ?» አለችና ሳቀች። «ባይሆን ጠጠሮቹን ለሌላ ሰው አስነብቢያቸው።»

ምክሯን ትቼ ለአዘጋጁ አቤቱታ ጻፍኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ «ዶክተር ኦክሳነን ጽሑፍዎን አላዩም። ሁለቱም ገምጋሚዎች እርስዎ ከጠቆሟቸው መካከል ናቸው። ከዚህ በላይ መናገር አይፈቀድልኝም።»

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። ከጠቆምኳቸው አንዱ፣ የጉዌልፍ ከተማው ወዳጄ፣ ለገና የላከልኝን ካርድ ገልብጬ አነበብኩት። ሦስተኛዋ፣ የአን አርቦር ከተማዋ ወዳጄ፣ ሰላምታ ስትልክልኝ፣ ዛሬ ምን ትዝ ብሏት ነው አልኩ። ቲያን ግን አልጠረጠርኳትም፤ አመስጋኙ ገምጋሚ እሷ ትሆናለች ብዬ ነበር።

ጠጠሮቹን የሚያነብልኝ ሰውም ጠፋ። ከሦስቱ ማንኛቸውም ገምጋሚ ሊሆኑ ስለሚችሉ ልሰጣቸው አይገባም። በዚህ ሥራ ዓይኑ የሚታመን የቀረው አንድ ሰው ነው። እያፈርኩ ደወልኩለት።

«ማን ላከሽ?» አለ ኦክሳነን።

«ማንም አልላከኝም። የሚያነብልኝ ስላጣሁ ነው።»

«ይገርማል። ስለ ጆሮ ጠጠር የተጻፈ ነገር ገምግም ተብሎ ከተላከልኝ ቆየ። ሰው ሁሉ ስሜን እዚያች ሳጥን ውስጥ ይከተዋል መሰለኝ።» ሳል የቀላቀለ ሳቅ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «በይ ላኪያቸው።»

እኔ የቆጠርኩትን ዕድሜ ደብቄ ጠጠሮቹን ላክሁለት። አንብቦ የራሱን ቆጠራ ሲልክልኝ የእኔንም ሰጠሁት፤ ይበቀለኛል ብዬ እየጠበቅሁ ሳለ ደወለ።

«አብዛኛው ላይ ልክ ነሽ። አንዳንዶቹ ላይ ግን ዓመት ጨምረሻል፤ የማይቆጠር ቀለበት ቆጥረሽ።»

«ውሸታም ቀለበት ነዋ።»

«ምን?»

«ዊኒፔግ ላይ እንደዚያ ብለውት ነበር።»

«እኔ? አላስታውስም። ደስ የሚል ስም ነው ግን።»

ዓሣዎቼ ትንሽ ወጣት ሆኑ፤ ዋናው ድምዳሜ ግን አልፈረሰም። የኦክሳነንን ቃል ተከትዬ «የማይቆጠር ቀለበት» ብዬ አስተካክዬ ላክሁ። መጽሔቱ ተቀበለኝ፤ ኮሚቴውም በጸደይ አጸደቀልኝ።

ቲያ ለደስታዬ ራት ጠራችኝ። የዱር ሩዝ ሾርባ ሠርታለች። እየቀዳችልኝ፣ «ከእንግዲህስ ኦክሳነን ነው አትዪም» አለች። «ያ ውሸታም ቀለበት ግን ጉድ ሊሠራሽ ነበር እኮ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ቃሉ በጽሑፌ ውስጥ የለም፤ ያለው በሁለተኛው ገምጋሚ አስተያየት ላይ ነው። ከኦክሳነን በቀር ለማንም አላነሳሁትም። ዊኒፔግ ላይ አጠገቤ ማን ተቀምጦ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ።

«ነግሬሽ ነበር እንዴ?»

ዳቦውን መቁረጧን አላቆመችም። «ካልነገርሽኝ ከየት አመጣዋለሁ?»

ፊቷን አየሁት። ጽሑፌን ያዳነችው እሷ ናት፤ ልታስጥለው የደረሰችውም እሷ። ሾርባዋም እንደወትሮው ጣፋጭ ነው።

«ነግሬሽ ይሆናል» አልኩና ሳህኔን ዘረጋሁላት።