ጅራት ወይስ ጭስ

«ዱም ነው ወይስ ዱድ?» ብሎ ነበር ሃምሮቁል የጠየቀው። ጅራት ነው ወይስ ጭስ ማለቱ ነው። ይህን ያህሉን ሶሂብናዛር አሳምሮ ያስታውሳል፤ የቀረውን ግን በረዶ ሲገፋበት የነበረው አካፋ ውጦበታል።

የእርስ በርሱ ጦርነት ሊያበቃ የተቃረበበት ዓመት ነበር። ሶሂብናዛር ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌሊት የጣለው በረዶ ጣሪያውን እንዳያጎብጠው ሳይነጋ ወጥቶ እየገፋ ሳለ፣ ሁለቱን ግቢዎች ከሚለየው የጭቃ ግንብ ሥር ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማ። አንደኛው አባቱ ኡስቶ ናዛር ነበሩ፤ በመንደሩ ያለውን ታንዱር፣ ዳቦ የሚጋገርበትን የሸክላ ምድጃ ሁሉ፣ በእጃቸው ያበጁ ሰው። ሁለተኛው ጎረቤታቸው ሃምሮቁል ነው፤ ካገባ ገና አራት ወሩ። ሁለቱም ወደ ምሥራቅ አንጋጠዋል። ከተራራው ጫፍ በላይ ጅራቱን የበተነ ኮከብ ቆሟል።

አባቱ የሆነ ነገር መለሱ። ሃምሮቁል ሳቀ። ከዚያ መንገዱን አነሳ፤ «ነገ ልነሳ እያሰብኩ ነው» አለ። አባቱም «ሂድ» አሉ። ወይም «አትሂድ» አሉ። አካፋው ከቆርቆሮው ጋር ተፋጨና ያቺን የቃሉን መነሻ ይዟት ሄደ።

ሃምሮቁል በማግስቱ በተራራው መንገድ ወደ ዋና ከተማው ወደ ዱሻንቤ ተነሳ። እሱም አልተመለሰ፣ ሬሳውም አልተገኘ።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ኡስቶ ናዛር ሞቱ። ሶሂብናዛር በፓንጃከንት ገበያ የስፌት መኪና ጠጋኝ ሆነ፤ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፤ ሰማይ በጠራ ማለዳ ሁሉ ግን ጣሪያው ላይ ነው። ማንም አላስተማረውም። ከተጣሉ መጻሕፍትና ከስልኩ እየቃረመ ነው የተማረው። ሁለት ሳንቃ በበር ማጠፊያ አያይዞ፣ የላይኛውን ቀስ እያለ የሚገፋ ረጅም ብሎን ከታች አስገብቶ፣ ካሜራውን ላዩ ላይ አስሯል። ሰማይ ሲዞር ካሜራውም አብሮት እንዲዞር ብሎኑ በደቂቃ አንዴ መዞር አለበት። ካልሆነ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። ሰዓት ልይ ብሎ መብራት ቢያበራ ዓይኑ ጨለማውን ይረሳል፤ ስለዚህ በሙስበሃ፣ በጸሎት መቁጠሪያው ዶቃ ነው የሚቆጥረው። ረጋ ብሎ ሠላሳ ሦስት ጊዜ «ሱብሐነላህ» ሲል ግማሽ ዙር ይሆናል።

መጀመሪያ ላይ የአላህን ስም የብሎን ሰዓት ማድረጉ ከብዶት ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ልቡ ሌላ ቦታ በሄደ ቁጥር ቆጠራው ይፈጥናል፣ ፎቶውም ይበላሻል። ከልቡ ያላለው ሁሉ ጭረት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ አልከበደውም።

ማክሰኞ ማለዳ ያነሳትን ፎቶ ሱቁ ውስጥ ሲያገላብጥ፣ ከከዋክብቱ መካከል አንድ የደበዘዘ ነገር አየ። ምስር ታክላለች። ከፀሐይ በተቃራኒ በኩል ቀጭን ክር ወደ ላይ ሰዳለች። የታወቁትን ጅራታም ኮከቦች ዝርዝር ሦስት ጊዜ አየ። በዚያ ቦታ የተመዘገበ የለም። በዋና ከተማው የከዋክብት ጥናት ለሚሠራው ለፋይዙሎ ላከለት። ሰውየው ወዲያው ደወለ፤ «አካ» ነው የሚለው፣ ታላቅ ወንድሜ እንደ ማለት።

«አካ ሶሂብናዛር፣ ከተራራው ምን ያህል ከፍ ብሎ ነው ያዩት?»

«አራት ጣት ቢሆን ነው።»

«ከሥሩስ ምን አለ?»

«የጎረቤት ታንዱር።»

«የሚነድ?»

«ማለዳ ማለዳ።»

ፋይዙሎ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እንግዲህ ራስዎ አሉት። ጭስም እንደዚህ ይደበዝዛል፣ የሌንስ እንከንም እንደዚህ ያደርጋል። በአንድ ፎቶ ሰው ፊት አልቆምም። ጭስ የሌለበት ሁለተኛ ያምጡልኝ። ቦታውን ቀይሮ ካገኘሁት በስምዎ አስመዘግባለሁ። ግን ይፍጠኑ፣ አካ። በየቀኑ ወደ ፀሐይ እየወረደ ነው። ከዓርብ በኋላ ንጋቱ ይውጠዋል። ሲመለስ ደግሞ የሚያየው ሌላ ሰው ነው።»

ወሬው ከሱቁ ወጥቶ ሻይ ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

«ሶሂብ! ለታንዱሩ ጭስ ስም አወጣህለት?» አለው ሻይ ቀጂው።

«የኔ ቤት ጭስ ማውጫ ሁለት ጅራት አለው፤ እሁድ ና አንሳልኝ!» አለ ሌላው።

«ተዉት እናንተ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰማይ ላይ ሲያፈጥ አንድ ነገር ባያገኝ ነው የሚገርመው» አለ ሦስተኛው፤ ይሄኛው ከሳቁት ይልቅ አቆሰለው። ሶሂብናዛር አብሯቸው ሳቀና ሻዩን ጨረሰ። ስሙ ቢቀር ግድ አልነበረውም፤ እንዲያውም ስሙን ሲያስብ ያፍር ነበር። የፈራው ሌላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያየው ሁሉ የራሱ ሰፈር ጭስ ሆኖ ቢገኝስ?

ረቡዕ ደመና ዋለ። ሐሙስ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠራ። ለሰላት ታጥቦ፣ ዉዱእ አድርጎ ወጣ፣ የሳንቃውን ማጠፊያ ወደ ሰሜን ኮከብ፣ ካሜራውን ወደ ምሥራቅ አነጣጠረ፣ ጠበቀ። አዛን ተሰማ። ከአዛኑ በኋላ ያቺ ቦታ ከተራራው በላይ ብቅ ትላለች፤ ንጋቱ እስኪውጣት ያለው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ሌንሱን ከፍቶ መቁጠር ጀመረ። አሥር ዶቃ። ሃያ። ያኔ ከግንቡ ማዶ ጭራሮው ሲንጣጣ ሰማ፤ ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ተነሳ፣ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ተንጋለለና ምሥራቁን ሸፈነው።

«ያ አላህ» አለ። ጣቱ ዶቃዎቹን እየዘለለ ነበር። ሳንቃውን አንስቶ ወደ ጣሪያው ጥግ ሮጠ፣ እንደገና አነጣጠረ፣ ጭሱ ተከተለው። ወደ ሌላኛው ጥግ ተመለሰ። ሲነጋ በካሜራው ውስጥ የቀረው ግራጫ መጋረጃና ጭረት የሆኑ ከዋክብት ናቸው።

የሚጨሰው የሃምሮቁል ሚስት የሳቭሪኒሶ ታንዱር ነው። አባቷ በጠፋ በስድስት ወር የተወለደችው ልጇ ዓርብ ትዳራለች። ለሰርግ የማለዳ ኦሽ፣ የሩዝ ግብዣ፣ ደንብ ነው፤ ወንዶች ከፈጅር፣ ከንጋቱ ሰላት ወጥተው በቀጥታ ወደ ሰርግ ቤት ይመጣሉ፣ ሩዙም ዳቦውም ትኩስ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሦስት መቶ ሰው ነው። ስለዚህ ምድጃው የሚለኮሰው ልክ አዛን ሲወጣ ነው። የሐሙሱ ለሴቶቹ ግብዣ ነበር፤ የዓርቡ ይብሳል።

«ራስህ ሂድና ለምናት» አለችው ሚስቱ አዶላት። «እኔ አፌን አላበላሽም። ለአባት አልባ ልጇ ሰርግ ‹ምድጃሽን አጥፊልኝ› ተብሎ ይጠየቃል? ደግሞ ማን ነው የሚጠይቃት? የኡስቶ ናዛር ልጅ!»

እውነቷን ነው። ሳቭሪኒሶ ኡስቶ ናዛርን እስኪሞቱ አኩርፋቸው ኖራለች። ባሏ በመነሻው ዋዜማ ማለዳ ስለ መንገዱ ያማከረው እሳቸውን ነበር። ምን እንዳሉት ስትጠይቃቸው «ስለ ኮከቡ ነው ያወራነው» ከማለት ሌላ አልተናገሩም።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ግንቡን ዞሮ በበሩ ገባ። ግቢው ካሮት በሚከትፉ ሴቶች ሞልቷል።

«የኮከቡ ሙሽራ መጣ!» አለች አንዷ።

«ካሜራህን ትተህ ቢላዋ ያዝ፣ ኡካ! ካሮቱ ጅራት አለው!» አለች ሌላዋ፤ ኡካ ታናሽ ወንድም ማለት ነው። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ሳቭሪኒሶ አልሳቀችም። ሊጡን በጨርቅ ሸፈነችና ወደ ታንዱሩ ሄደች፤ እሱም ተከተላት። የአባቱ አውራ ጣት በጭቃው ላይ የተወው ምልክት በምድጃው አፍ ዙሪያ እንዳለ ነው።

«ተናገር» አለችው።

«ያንጋ፣ ነገ ከአዛን በኋላ ሃያ ደቂቃ ብቻ እሳቱን እንድታቆዪልኝ ነው የመጣሁት። ነገ ካለፈ የለም።» ያንጋ የሚላት እንደ ወንድሙ ሚስት ስለሚያያት ነው።

«ሰምቻለሁ። ገበያ ሁሉ ሰምቷል።» እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ ትፈቀፍቃለች። «ሰዉ ከመስጊድ ሲመጣ ዳቦ የለም ልበል? ‹አባት የሌላት ልጅ ሰርግ እንዲህ ነው› ይበሉኝ?»

«ማለዳ ቀደም ብለሽ ብትለኩሺውስ?»

«ዳቦው ይቀዘቅዛላ! አንተ ሰርግ በልተህ አታውቅም?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያን ማለዳ ጣሪያ ላይ ነበርክ። አካፋህን እኔም ከውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።»

ሶሂብናዛር ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ኖሯል።

«አባትህ ምን አሉት? ‹ሂድ› ብለውት ከሆነ ንገረኝ፤ ያኮረፍኩት ትክክለኛውን ሰው መሆኑን ልወቅ። ‹አትሂድ› ብለውት ከሆነም ንገረኝ። ያን ጊዜ በከንቱ ነው ያስቀየምኳቸው፤ ለነፍሳቸው ስል ነገ ምድጃዬን አቆይልሃለሁ።»

አንድ ቃል ነው። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ማን ያውቃል? ምናልባት እውነቱም እሱው ይሆናል። አባቱ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፤ ጦርነት ባለበት መንገድ ሰውን ሂድ የሚሉ አልነበሩም። ‹አትሂድ ብለውታል› ቢል ምናልባት መዋሸት አይሆንበትም። ኪሱ ውስጥ እጁ ሙስበሃውን አገኘው። ሳያስበው መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ እየፈጠነ ነበር። ዶቃዎቹ በጣቱ ሥር ሲሮጡ ተሰማውና እጁን አቆመ።

«አልሰማሁም፣ ያንጋ» አለ።

«እንዴት አትሰማም?»

«አካፋው ጮኸ። ‹ሂድ› ይሁን ‹አትሂድ› አልለየሁትም። አባቴን በኋላ ልጠይቀው ፈራሁ፤ ከዚያ ሞተ። ‹አትሂድ› አለው ብልሽ ነገ ምድጃው የኔ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አልሰማሁም።»

ከሴቶቹ በኩል የቢላዋው ድምፅ ተክ ተክ ይላል።

«ምን ሰማህ ታዲያ?»

«‹ዱም ነው ወይስ ዱድ› ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። አባቴ የመለሰውን አልያዝኩትም። ከዚያ ሃምሮቁል ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ። ከሆዱ ነው የሳቀው። በረዶው ላይ ሲያስተጋባ ይሰማ ነበር።»

እጇን ታንዱሩ አፍ ላይ አሳረፈች። «ሲወጣ ለኔም ስቆልኛል» አለች ቀስ ብላ። «ፍርሃቱን ሊደብቅብኝ መስሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት እየፈራ የሄደ ነበር የሚመስለኝ።»

«የፈራ ሰው እንደዚያ አይስቅም፣ ያንጋ።»

በሻሿ ጫፍ ፊቷን አበሰች፤ ሊጥ ጉንጯ ላይ ቀረ። ከወዲያ አንዲት ሴት «ሳቭሪኒሶ! ጨዉ የት ነው?» ብላ ተጣራች።

«ሃያ ደቂቃ ነው ያልከው?»

«ሃያ።»

«ሃያ አንድ ብትል ግንቡን ዘልዬ እመጣልሃለሁ።»

«ሃያ ነው፣ ያንጋ።»

«ከመስጊድ ሲመጡ ሻይ እየጠጡ ይጠብቁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ እነሱ ሃያ ደቂቃ ቢጠብቁ አይሞቱም። ለሙሽራይቱም እኔው እነግራታለሁ፤ ትስቃለች እንጂ አታለቅስም፣ አባቷን የወጣች ናት።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ክብሪቱን አምጡ» አለች። አንዷ ግራ ገብቷት አቀበለቻት። ሳቭሪኒሶ ክብሪቱን ካፖርቷ ኪስ ከትታ ቁልፉን ቆለፈችበት።

«ክብሪቱ ዛሬ እኔ ጋ ነው የሚያድረው» አለች። «ነገ አዛን ሲወጣ እዚህ ምድጃው አፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ማንም አይለኩሰውም። አንተ ከጣሪያ ካልጠራኸኝ እኔም አልለኩሰውም። ስትጠራኝ ግን ሌላ ወሬ አታብዛ፣ ኡካ። አንዷን ብቻ ጮኸህ በላት፣ ዱም ወይም ዱድ። ያኔ እለኩሳለሁ።»