ከጎድን ሥር የቋጠረው

ዶክተር አጆቪ ከቀኝ ጎድኑ ሥር ጣቷን ስትጫን ዎሩ ጮኸ። ሚስቱ ባኬ እንዲህ ያለ ድምፅ ከአፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። የኒኪ ከተማ ሰው የሚያውቀው መለከቱን ነው፤ በየዓመቱ በጋአኒ በዓል ንጉሡ በፈረስ ሲወጣ ረጅሙን መለከት የሚነፋው እሱ ነበር፣ እንደ አባቱ።

«ትከሻዎንስ ያምዎታል?» አለች ዶክተሯ።

«ቀኙን። በተነፈስኩ ቁጥር ይወጋኛል።»

«ኒኪ ጤና ጣቢያ ወባ ነው እያሉ ሲወጉት ነው የከረሙት» አለች ባኬ። «ትንሽ ተሻለው ስል መልሶ ያንቀጠቅጠዋል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ነው እየጎተትኩ እዚህ ፓራኩ ሆስፒታል ያመጣሁት።»

ዶክተሯ ሆዱ ላይ ጄል ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አንሸራተተች። በግራጫው ምስል መሐል ቡጢ የሚያህል ጥቁር ነገር ታየ።

«ይሄ ወባ አይደለም። ባክቴሪያ ገብቶ ጉበትዎ ውስጥ መግል ቋጥሯል። ስኳርዎም ከፍ ብሏል፤ እሱ ነው ያበረታው። መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም፣ መግሉ መቀዳት አለበት።»

«ለጋአኒ እደርሳለሁ?»

ዶክተሯ ጄሉን ከሆዱ ላይ ጠረገች።

ያንኑ ዕለት ቆዳውን አደንዝዛ፣ ምስሉን እያየች በጎድኖቹ መካከል መርፌ አስገባች። የወጣው መግል ሽታው ክፍሉን ሞላው። ከእሱ ጥቂት፣ ከደሙም ጥቂት፣ የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚገድለው እንዲታወቅ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ጎኑ ላይ ቀጭን ቱቦ ቀረ፤ የቱቦው ጫፍ በአልጋው ብረት ላይ ከተንጠለጠለ ከረጢት ጋር ተያያዘ። ክንዱ ላይ ደግሞ ሌላ ቱቦ፣ ለመድኃኒቱ። ዎሩ ወደ ግራ ቢዞር አንዱ ይይዘዋል፣ ወደ ቀኝ ቢዞር ሌላው። በፈረሶች መሐል ያደገ ሰው ሽንት ቤት ለመሄድ ከረጢቱን የሚይዝለት ፈለገ።

ትኩሳቱ ግን በረደ። ምግብ አማረው፤ ባኬ ኢኛም የሚሉትን ሥራሥር ቀቅላና ወቅጣ አመጣችለት። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ልሂድ ብቻ።

የበዓሉ ዋዜማ የአጎቱ ልጅ ቦኒ መኪና ይዞ መጣ። መለከቱን የሚመኝ ከዎሩ ሌላ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

«ጋሼ፣ እንደ ወይፈን በገመድ አሰሩህ እንዴ?» አለ እየሳቀ።

«ሳቅ። ነገ ስነፋ ትሰማኛለህ።»

«ከመጣህ እሰየው። ካልመጣህ ግን ሽማግሌዎቹ እኔን ብለዋል። አንዴ ከነፋሁ ደግሞ እንዲህ በዋዛ አልመልስልህም፤ ሳልደብቅ ነው የምነግርህ።»

ዎሩ ተነስቶ ተቀመጠ። «ባኬ፣ ሸሚዜን!»

«ቱቦው እንደ ተሰካ?»

«በሸሚዝ ይሸፈናል።»

ሸሚዙን አላቀበለችውም። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ መለከት እንደያዘ ሁሉ፣ አየር ሳበ። እኩሌታው ላይ ጎኑን ወጋው፤ ትንፋሹ ተቆረጠ። እንደገና ሞከረ፤ በላብ ተጠመቀ። ቦኒም ሳቁን ተወ።

ዶክተር አጆቪ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ከረጢቱን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልወረደበትም። በመሣሪያው አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«ከኋላ በኩል ሌላ የመግል ቋት አለ፤ ይሄኛው ቱቦ አይደርስበትም። ሌላ ማስገባት አለብኝ።»

«ከነገ ወዲያ ብመለስስ?»

«ጋሽ ዎሩ፣ መንገድ ላይ ቢፈነዳ ባለቤትዎ ምን ታደርጋለች? በግድ አላስቀርዎትም፤ ሰውነቱ የእርስዎ ነው። እኔ ግን ይሂዱ አልልም።»

ባኬ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ግድግዳውን ተደግፋ ታየው ነበር። ቦኒ የመኪናውን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣል። ዎሩ በእግሩ መውጣት ይችላል፤ በሩ ክፍት ነው። ያም ሆኖ መውጫ አላገኘም።

«ቦኒ» አለ በመጨረሻ።

«አቤት።»

«አንተ ስትነፋ ጉንጭህን ትነፋለህ፤ ለዚህ ነው ድምፅህ የሚሰበረው። ከእምብርትህ ሥር አውጣው። ንጉሡ ፈረሱ ላይ ተደላድሎ ሳይቀመጥ ደግሞ እንዳትጀምር።»

ቦኒ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ የዎሩን ጉልበት ነካና ወጣ።

ዎሩ የመኪናውን ድምፅ እስኪርቅ አዳመጠ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ቀኝ እጁን ከጭንቅላቱ በላይ አነሳና ጎኑን ለዶክተሯ አዞረ።

«ነይ» አላት፣ «ሳልጸጸት ቶሎ ውጊው።»