ሽማግሌ ያፈረሰው ቤት

እንጅባራ መሀል፣ አስፋልቱ ዳር የነበረውን ምግብ ቤቴን ያፈረሰው ሽማግሌ ነው። ዶዘሩማ ታዞ ነው የመጣው፤ ምን አጠፋ? በገበያ ቀን ከጥሊሊ የመጣ ሁሉ ሽሮዬን ሳይበላ አይመለስም ነበር። ሁለት ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ጭቃ ቤት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ሽባባው የሚባል ነጋዴ «ቤትሽን አፍርሼ ፎቅ ልሥራበት፤ ምድር ቤቱ ያንቺ ይሆናል» አለኝ። እንቢ ስለው አያ አዝመራውን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ላከብኝ። አያ አዝመራው አጥር ለአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው፤ እንደ ንስሐ አባቴ ነበር የማከብራቸው። «እሺ ሳትይን አንቀመጥም» ብለው ደጄ ላይ ቆሙ።

«እንግዲያው ውል እንጻፍ» ብል ተቆጡ።

«እኛ መሀል ቆመን ወረቀት? ደብሪቱ፣ ሽበታችንን ናቅሽው?»

አፈርኩና እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

ቤቱ በአንድ ጠዋት ወረደ፤ ፎቁ ግን አልወጣም። ቦታው ሁለት ዓመት አረም ሲያበቅል ከረመ፤ እኔም በሰው በረንዳ ሻይ መሸጥ ጀመርኩ። ማዘጋጃ ቤት ስሄድ «የሚሸጥ የሚለወጠው ቤት እንጂ መሬት አይደለም። አፍርሰሽ በጊዜው ካልገነባሽ ቦታው የመንግሥት ነው» አሉኝ። ለጨረታ ወጣ። ያሸነፈው ማን ይመስላችኋል? ሽባባው! እግዜር ይይለት።

መሠረት ሊጥል ሲል እርግማኔን ፈርቶ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ለይቅርታ ላከ። ራሱም ከኋላቸው ቆሟል።

«አያ አዝመራው፣ ምድር ቤቴ የታለ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ፎቅ አይሠራም።»

«ፎቅ የማይሠራ ሽማግሌ ቤት ማፍረሱን ከየት ተማረው?»

ሽባባው ጣልቃ ገባ። «አያን አትናገሪያቸው! የእሳቸውም ቤት ለዚሁ ፎቅ ይፈርሳል። ምድር ቤቱ የእሳቸው ነው፤ በምስክር ፊት ተፈራርመናል።»

«መቼ ነው የተፈራረማችሁት?»

«በ2006» አለ፣ ሳያስበው።

አያ አዝመራው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ሌሎቹ ሁለቱ እሳቸውን አዩ።

በአገራችን ሽማግሌ ባዶውን አይመለስም። እኔ ግን መለስኳቸው፤ «እርግማኔን ይዛችሁ ሂዱ» ብዬ።